«መርሐባ» ማለት ተስማማሁ ማለት ነው? በድርድር ንግግሮች ላይ የሚና መለያ ስለ መስጠት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በደሴና በአካባቢዋ የሚሰሙ የገበያና የሽምግልና ንግግሮችን ወደ ጽሑፍ ገልብጠን፣ እያንዳንዱ ንግግር በድርድሩ ውስጥ ምን እንደሠራ የሚያሳይ መለያ እንሰጣለን። አዲስ የሚቀላቀሉን ተማሪዎች በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ በመሆናቸው፣ በየጊዜው በቃል ስንመልስ የቆየነውን ከዚህ በታች በጽሑፍ አስቀምጠነዋል።

የንግግር ሚና ሲባል ምን ማለት ነው?

አንድ ሰው በድርድር መካከል አፉን ሲከፍት ወሬ ብቻ አያወራም፤ ዋጋ ይጠራል፣ የተጠራበትን ዋጋ ያጣጥላል፣ ይለምናል፣ ቃል ይገባል፣ ወይም ጥሎ እንደሚሄድ ያስታውቃል። ንግግሩ የሠራው ይህ ሥራ ሚናው ይባላል። ሐሳቡ የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጄ. ኤል. ኦስቲን እ.ኤ.አ. በ1955 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በሰጣቸው ትምህርቶች መናገር ራሱ አንድ ድርጊት መሆኑን አስረዳ፤ ከእሱ በኋላ አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ሰርል ድርጊቶቹን በአምስት ከፈላቸው፤ እነሱም አንድ ነገር እውነት ነው ብሎ መናገር፣ ሌላውን ሰው አንድ ነገር እንዲያደርግ መጠየቅ ወይም ማዘዝ፣ ራስን በቃል ማሰር፣ ስሜትን መግለጽ እና በመናገር ብቻ አንድን ነገር እንዲሆን ማድረግ ናቸው። የመጨረሻው ዓይነት ለፈረንጅ እንግዳ ሊመስል ይችል ይሆናል፤ «ከዛሬ ጀምሮ ታርቃችኋል» ሲባል ሰምቶ ላደገ ሰው ግን ማስረዳት አያስፈልገውም።

እስቲ በአንድ ምሳሌ አሳዩን።

የሚከተለው ለማሠልጠኛ ብለን ያዘጋጀነው ንግግር ነው፤ ዋጋውም ሆነ ሰዎቹ የምር አይደሉም፤ አካሄዱ ግን ሰኞ ባቲ ገበያ የዋለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። አንድ ሽማግሌ አንድ ወጣት የያዘውን ሙክት ሊገዙ ቀርበዋል።

ገዢ፦ ይህን ሙክት ስንት አልከው ልጄ?
ሻጭ፦ ለእርስዎማ ምን ይባላል አባባ፤ ዘጠኝ ሺህ ይስጡኝና ይውሰዱት።
ገዢ፦ ዘጠኝ ሺህ! በሬ ነው እንዴ?
ሻጭ፦ እስቲ ጀርባውን ይዳብሱት።
ገዢ፦ (ይዳብሳሉ) ሰባትስ?
ሻጭ፦ መርሐባ አባባ፣ ሰባት ግን አያዋጣኝም።
ገዢ፦ በል ገበያ ይቅናህ። (መንገድ ይጀምራሉ)
ሻጭ፦ ኧረ አባባ ይመለሱ! ቁርጡን ይንገሩኝ።
ገዢ፦ ሰባት ከአምስት መቶ፣ ገመዱን መርቀህ።
ሻጭ፦ በቃ ይሁን። ይባርክልዎት።

የመጀመሪያው ንግግር በመልኩም በሥራውም ጥያቄ ስለሆነ «ዋጋ መጠየቅ» ብለን እናልፈዋለን። «በሬ ነው እንዴ?» የሚለው ግን የጥያቄ መልክ ይዞ ቢመጣም፣ ሻጩ «አይ፣ ፍየል ነው» ብሎ ቢመልስ ሰው ይስቅበታል፤ ሥራው የተጠራውን ዋጋ አለመቀበል ነው። «ጀርባውን ይዳብሱት» ደግሞ በሰዋስው ትእዛዝ ነው፤ በድርድሩ ውስጥ ግን የእንስሳውን ሥጋ በእጅ አስነክቶ ዋጋው ተገቢ መሆኑን ማሳመኛ ስለሆነ «ምክንያት ማቅረብ» የሚለውን መለያ ይወስዳል። «ሰባትስ?» አንዲት ቃል ናት፤ በመጨረሻዋ «ስ» አማካይነት ግን የተሟላ አጸፋ ዋጋ ሆናለች። ይህን የሚያህል ሥራ በአንድ ፊደል የሚሠራበት ቋንቋ ላይ ቃል እየቆጠሩ መለያ መስጠት ለምን እንደማያዛልቅ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከሁሉም የሚያከራክረን «ገበያ ይቅናህ» ነው። መልኩ ምርቃት ነው፤ ሽማግሌው ግን የመረቁት ሊሄዱ ነው፣ ወይም ሊሄዱ መስለው ነው። ሻጩ የተረዳው እንደ መሰናበት እንደሆነ «ይመለሱ!» ማለቱ ያሳያል። ስለዚህ «ድርድርን ማቋረጥ» እንለዋለን፤ መለያው ሽማግሌው ከልባቸው ይሁን አይሁን አይናገርም፤ እሱን እሳቸውና ፈጣሪ ብቻ ያውቁታል።

«ገመዱን መርቀህ» ላይ ደግሞ አንድ ከሌላ አካባቢ የመጣ ተማሪ «ምርቃት» ብሎ ሰይሞት ነበር። በገበያ ቋንቋ መመረቅ ከተስማሙበት ላይ ጨምሮ መስጠት እንደሆነ ማስታወስ ይገባል፤ እዚህ ላይ «ቅድመ ሁኔታ» ነው፤ ገመዱ ካልተመረቀ ሰባት ከአምስት መቶውም የለም።

«መርሐባ» እና «እሺ» መቀበል ናቸው ወይስ አይደሉም?

ይህ ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ጊዜ የወሰደብን ነው፤ ጥፋቱም የራሳችን ነበር። ሥራውን ስንጀምር ባወጣነው የመጀመሪያ መመሪያ ላይ «እሺ፣ መርሐባ፣ ይሁን እና በቃ መቀበልን ያሳያሉ» የሚል አንድ መስመር ጻፍን። መለያውን ከጨረስን በኋላ ፋይሉን ስናየው፣ ገዢና ሻጭ በአንድ ድርድር ውስጥ አራት ጊዜ ተስማምተው አራት ጊዜ የተጣሉ መስለው ተገኙ። ለምሳሌ ከላይ ባለው ንግግር ሻጩ «መርሐባ አባባ» ሲል ዋጋውን ተቀበለ ተብሎ ቢመዘገብ፣ ወዲያው «አያዋጣኝም» ያለው ሰው ቃሉን ያጠፈ ሊመስል ነው።

ወሎ ውስጥ «መርሐባ» ለተጠራ ሰው አቤት ማለት፣ ለእንግዳ አቀባበል፣ ለታዘዘ ሰው ትእዛዝ መቀበያ፣ ለታላቅ አክብሮት ይሆናል። በድርድር መካከል አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ሥራ «ሰምቼዎታለሁ፣ አክብሬዎታለሁ» ማለት ነው። «እሺ»ም እንዲሁ ነው። ከሺህ እሺ ይበልጣል ይባላል፤ መለያ ለሚሰጥ ሰው ግን አንዱ «እሺ» ራሱ ሺህ ነው። ስለዚህ እነዚህ ቃላት ሲመጡ ሁለት መፈተኛዎችን እንጠቀማለን። አንደኛው፣ በቃሉ ቦታ «በዚህ ዋጋ ተስማምቻለሁ» የሚለውን አስገብቶ ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር ማንበብ ነው፤ ሁለቱ የሚጋጩ ከሆነ ቃሉ «መስማትን ማሳወቅ» እንጂ «መቀበል» አይደለም። ሁለተኛው፣ ከቃሉ በፊት ሊቀበሉት የሚችል ነገር ቀርቦ እንደነበር ማረጋገጥ ነው፤ ዋጋ ወይም ሐሳብ ሳይቀርብ መቀበል ሊኖር አይችልም። በነዚህ ብቻ ክርክራችን ከግማሽ በላይ የቀነሰ ይመስለኛል፤ ቆጥሬ አላስቀመጥኩትም።

«ኢንሻአላህ» እና «እግዜር ካለ» በሌላ ረድፍ ይታያሉ። ከተወሰነ ቀንና ከተወሰነ ገንዘብ ጋር ሲመጡ («ሰኞ ቀሪውን አመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ») ቃል መግባት ናቸው። ብቻቸውን ሲመጡ አብዛኛውን ጊዜ «ማዘግየት» ናቸው።

አንድ ንግግር የሚባለው ከየት እስከ የት ነው?

ተናጋሪው ተራውን ሲይዝ የሚናገረው ሁሉ አንድ ሚና ብቻ ይኖረዋል ብሎ መነሣት ስሕተት ነው። አንድ በሬ ሻጭ «አይ አባባ፣ ገና ጎረምሳ ነው፣ ስልሳ ሺህ ብለው ይውሰዱት» ሲል አለመቀበል፣ ምክንያት ማቅረብ እና ዋጋ ማቅረብ ተከታትለው መጥተዋል፤ ስለዚህ በሦስት ረድፍ ይጻፋሉ። የምንቆርጠው ሥራው በሚቀየርበት ቦታ ነው፤ አራት ነጥብ ባለበት ቦታ አይደለም፤ ነጥቡን ያስቀመጠው ተናጋሪው ሳይሆን ገልባጩ ነውና። በሌላ በኩል «ሰባት ካደረግከው እወስደዋለሁ» የሚለው ሁለት ግሥ ቢኖረውም አይቆረጥም፤ ሁኔታውና ቃል ኪዳኑ አንዱ ያለ ሌላው ትርጉም የላቸውም።

ስንት መለያ ይበቃል?

ሌሎች የሠሩትን ማየት ይጠቅማል። ስዊችቦርድ በተባለው የአሜሪካ የስልክ ጭውውቶች ስብስብ ውስጥ በ1,155 ጭውውቶች ያሉት ንግግሮች በ42 ዓይነት መለያ ተሰይመዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው አይ.ኤስ.ኦ. 24617-2 የተባለ ዓለም አቀፍ መስፈርት ደግሞ የንግግርን ሥራ በዘጠኝ ዘርፎች ከፍሎ ያያል፤ ጉዳዩን ማራመድ አንድ ዘርፍ፣ ተራ መያዝ ሌላ ዘርፍ፣ ሰላምታና ይሉኝታን የመሰለው ማኅበራዊ ግዴታ ደግሞ ሌላ ዘርፍ ነው። በተቃራኒው፣ ካታን የተባለው የሠሌዳ ጨዋታ ተጫዋቾች ዕቃ ሲለዋወጡ ያደረጉት ድርድር የተሰየመው ሐሳብ ማቅረብ፣ አጸፋ ሐሳብ፣ መቀበል፣ አለመቀበል እና ሌላ በሚሉ አምስት መለያዎች ብቻ ነው።

እኛ አሥራ ሁለት ላይ ቆመናል፦ ዋጋ መጠየቅ፣ ዋጋ ማቅረብ፣ አጸፋ ዋጋ፣ መቀበል፣ አለመቀበል፣ ምክንያት ማቅረብ፣ ቅድመ ሁኔታ፣ መስማትን ማሳወቅ፣ ማዘግየት፣ ድርድርን ማቋረጥ፣ ሰላምታና ምርቃት፣ ሌላ። አምስቱ አይበቁንም፤ ምክንያቱም እዚህ አገር ሰው ሰላምታውንና ምርቃቱን ሳይጨርስ ዋጋ አይጠራም፤ በአምስቱ ብንሄድ የንግግሩ ግማሽ «ሌላ» ሆኖ ይቀራል። አርባ ሁለቱ ደግሞ ይበዙብናል። መለያ ሲበዛ ሰው ይደክማል፤ የደከመ ሰውም ትናንት የሰጠውን ዛሬ አይደግመውም።

መለያ የሚሰጠው ሰው ቀጥሎ የተባለውን አይቶ መወሰን ይችላል?

እዚህ ላይ ባለሙያዎች አይስማሙም። አንዳንዶች መለያው የተናጋሪውን ሐሳብ ማሳየት አለበት ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ሰሚው እንዴት እንደተቀበለው ነው የሚታየው ይላሉ። የሥራው ዓላማም ይወስናል፤ መለያው ንግግሩ በሚካሄድበት ሰዓት ሚናውን ለሚገምት ፕሮግራም ማሠልጠኛ ከሆነ፣ ፕሮግራሙ ወደ ፊት ማየት ስለማይችል ሰውም ብዙ ባያይ ይሻላል። እኛ ያደረግነው መሐል ላይ መቆም ነው፦ ከንግግሩ በፊት ያለውን ሁሉ እና ከንግግሩ በኋላ ያለችውን አንዲት ንግግር ብቻ ማየት ይፈቀዳል። የድርድሩን መጨረሻ ማየት ግን ክልክል ነው፤ ሙክቱ እንደተሸጠ የሚያውቅ ሰው «ገበያ ይቅናህ»ን ማስመሰል ነበር ብሎ ማንበብ ይቀናዋል፤ ሻጩ ግን በዚያች ቅጽበት አላወቀም ነበር።

ሚና እና የድርድር ስልት አንድ ናቸው?

አይደሉም፤ በአንድ ረድፍ ውስጥ ተቀላቅለው ሲጻፉ ሁለቱም ይበላሻሉ። ሚናው ዋጋ ማቅረብ ሲሆን፣ ስልቱ ከፍ አድርጎ መጥራት ሊሆን ይችላል። ካዚኖ በተባለው የ1,030 ድርድሮች ስብስብ ላይ ሰዎች ምግብ፣ ውሃና ማገዶ ሲካፈሉ የተሰየመው በዋናነት ስልቱ ነው፤ የራስን ችግር መናገር፣ የሌላውን ፍላጎት ማጣጣል፣ ክፍፍሉ ፍትሐዊ እንዲሆን መጠየቅ እና የመሳሰሉት። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2018 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ያወጡት 6,682 የክሬግስሊስት (የኢንተርኔት መሸጫ ማስታወቂያ ገጽ) ዕቃ ሽያጭ ድርድሮች ስብስብ ስልቱን ከአባባሉ ለይቶ ለማየት እንዲያመች ንግግሮቹን በጥቅል ተግባራት ይሰይማል። ስልትን የሚመዘግብ ሰው የራሱን ዓምድ ይክፈት። «አብሽር፣ አትጎዳም» ለምሳሌ በሚናው ምክንያት ማቅረብ ነው፤ ማጽናናት መሆኑ በስልት ዓምድ ይገባል።

ሽምግልና ላይስ ይሠራል?

ይሠራል፤ ነገር ግን የገበያውን መመሪያ እንዳለ ወስዶ መጠቀም አይቻልም። በገበያ ሁለት ሰው ነው የሚነጋገረው፤ ሽምግልና ላይ ግን የሚናገረውና ሐሳቡ የመጣበት ሰው አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ሽማግሌ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ሄዶ «ሦስት ላም ካሣ ቢከፍል ምን ይመስላችኋል?» ሲል፣ ይህ የበዳዩ ሐሳብ ነው ወይስ ሽማግሌው በራሱ አስቦ የሞከረው? ስለዚህ ለሽምግልና ንግግር ሁለት ዓምድ እንጨምራለን፤ ተናጋሪው ማን እንደሆነ እና ሐሳቡ የማን እንደሆነ። የኋለኛው ካልታወቀ «አልታወቀም» ተብሎ ይጻፋል። ብዙ ጊዜ ሽማግሌው ራሱ ሆን ብሎ እንዳይታወቅ ያደርገዋል፤ ሐሳቡ ውድቅ ቢሆን ማንም እንዳያፍር።

በወሎ የአበጋር (በባህሉ ዕርቅ የሚያወርዱ ሽማግሌዎች) ሽምግልና ላይ ምርቃት ከገበያው የተለየ ቦታ አለው። በገበያ «ሰላምታና ምርቃት» ብለን በአንድ የምንጠቀልለው፣ በአበጋሮች ፊት ግን ዕርቁን የሚያጸናው ራሱ ምርቃቱ ነው፤ ተሰብሳቢው «አሚን» ሲልም ተራ መልስ ሳይሆን ምስክርነት ነው። ስለዚህ እዚያ ለማወጅና ለማጽናት የተለየ መለያ አለን።

የጋብቻ ሽምግልና ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የልጅቱ ቤተሰቦች «እንመካከርበትና ሐሙስ ተመለሱ» ሲሉ ከተማ ያደገ ተማሪ «አለመቀበል» ብሎ ይጽፋል። ይህ «ማዘግየት» ነው፤ እንዲያውም በወጉ መሠረት ወዲያው እሺ ማለት ልጅን ማርከስ ስለሚመስል፣ ቀጠሮ መስጠቱ ብዙ ጊዜ በጎ ምልክት ነው። በጎነቱ ግን በመለያው ውስጥ አይገባም።

ሁለት ሰዎች ባይስማሙ ምን ይደረጋል?

ቢያንስ ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ አንድ ዓይነት ጽሑፍ መሰየም አለባቸው። መስማማታቸውን በመቶኛ ብቻ መለካት ግን ያታልላል። 100 ንግግሮች አሉ እንበል፤ ሁለቱም ሰዎች 20 ንግግሮችን «ዋጋ ማቅረብ»፣ 80ውን «ሌላ» አሉ። ሁለቱም ዋጋ ማቅረብ ያሏቸው 10 ብቻ ሲሆኑ፣ ሁለቱም ሌላ ያሏቸው 70 ናቸው። የተስማሙት በ80 ላይ ነው፤ ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን እንዲሁ በግምት ቢሞሉት እንኳ በ68ቱ ላይ ይገጣጠሙ ነበር፤ ምክንያቱም 0.2 በ0.2 ሲባዛ 0.04፣ 0.8 በ0.8 ሲባዛ 0.64፣ ድምሩ 0.68 ነው። ጄኮብ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጣው ካፓ የተባለው መለኪያ ይህን ግጥምጥሞሽ ይቀንሳል፦ ከ0.80 ላይ 0.68 ሲቀነስ 0.12፣ ከ1 ላይ 0.68 ሲቀነስ 0.32፤ 0.12 ለ0.32 ሲካፈል 0.375 ይሆናል። ይህ ደካማ ነው፤ እውነትም አንዱ «ዋጋ ማቅረብ» ብሎ ከሰየማቸው ንግግሮች ግማሹን ሌላው እንደዚያ አላያቸውም። ተመራማሪው ክላውስ ክሪፐንዶርፍ አልፋ የተባለውን የራሱን የመስማማት መለኪያ ሲያቀርብ 0.8ን ለሚታመን ውጤት፣ 0.667ን ደግሞ በጥንቃቄ ብቻ ለሚወሰድ ውጤት ዝቅተኛ ወሰን አድርጎ ሰጥቷል፤ እኛም ለካፓ እነዚህኑ ቁጥሮች እንደ መነሻ እንይዛለን።

ያልተስማሙባቸው ረድፎች ሲገኙ በድምፅ ብልጫ መፍታት አልወደውም። ሁለቱ ሰዎች ቁጭ ብለው ለምን እንደዚያ እንዳነበቡት ይነጋገሩ፤ ምክንያቱ በመመሪያው ላይ ይጻፍ፤ ከዚያም አዲስ ጽሑፍ ተሰጥቷቸው እንደገና ለብቻ ይሞክሩ። በቀደመው ጽሑፍ ላይ ተነጋግረው ያስተካከሉትን ቆጥሮ ካፓ ከፍ አለ ማለት ራስን ማታለል ነው።

አማርኛና ኦሮምኛ ሲቀላቀሉስ?

ባቲ ላይ አማራው፣ ኦሮሞውና አፋሩ ስለሚገናኙ አንድ ድርድር በሁለት ቋንቋ ሲካሄድ መስማት የተለመደ ነው። መለያው ለሥራው የሚሰጥ ስለሆነ አይለወጥም፤ ቋንቋው በሌላ ዓምድ ይጻፋል። ቋንቋውን የማያውቅ ሰው በትርጉም ላይ ተመሥርቶ መለያ አይስጥ።

በቃል ያልተነገረውስ?

ገልባጮች በብዛት የሚስቱት ወደ ውስጥ በሚሳብ ትንፋሽ የሚሰጠውን አዎንታ ነው። በድምፅ ቅጂ ላይ ትንፋሽ ብቻ ትመስላለች፤ በጽሑፍ ላይ ካልተመዘገበች ደግሞ ሻጩ ሳይስማማ ገዢው ገንዘብ ቆጥሮ የሰጠ ይመስላል። «(ትንፋሽ ወደ ውስጥ)» ተብሎ ይጻፍና የራሱ ረድፍ ይሰጠው። እጅ ለእጅ መማታትና ቀብድ መስጠትም በቅንፍ ይጻፋሉ፤ ሁለቱም «መቀበል» ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ከማንኛውም ቃል ይበልጥ ቁርጥ ናቸው። ዝምታ ግን መለያ አይሰጠውም፤ ርዝመቱ በሰከንድ ይመዘገባል። በድምፅ ብቻ የተቀዳ ድርድር ላይ እጅ መማታቱ የሚሰማው በጭብጨባ መልክ ስለሆነ፣ በቦታው የነበረው ሰው በዚያው ዕለት ማስታወሻውን ካልጻፈ፣ ከሳምንት በኋላ ያቺ ድምፅ እጅ መማታት ትሁን ፍየል መምታት ማንም ሊለይ አይችልም።

ሰዎችን ከመቅዳት በፊት ምን ያስፈልጋል?

ፈቃዳቸው፤ ከሁለቱም ወገን፣ ድርድሩ ከመጀመሩ በፊት። በመሐል መጥቶ ስልክ መደቀን ንግግሩን ያበላሻል፤ ሻጩም ቀራጭ የመጣበት ይመስለዋል። በጽሑፉ ላይ ስም፣ ቀበሌና ስልክ ቁጥር አይገባም፤ «ገዢ» እና «ሻጭ» ይበቃሉ። የሽምግልና ንግግር ከሆነ የሽማግሌዎቹም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አንዳንዱን ጉዳይ እንዳይቀዳ ካሉ መቅጃው ይጠፋል፤ በፋይሉም ላይ «በሽማግሌዎች ትእዛዝ አልተቀዳም» የሚል አንድ ረድፍ ያለ ምንም መለያ ይገባል።